ዓይን የት ይሁን? ሰው በሰው፣ ዞን ወይስ ማች፦ በአሜሪካ ፉትቦል ሪሲቨርን የመያዣ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ልጄ ኮርነርባክ ነው፤ በዳር በኩል ኳስ ተቀባዩን፣ ሪሲቨሩን፣ የሚይዝ ተከላካይ። ሜሪላንድ ውስጥ ለሃይስኩሉ ይጫወታል። ባለፈው ዓመት ከአንድ ጨዋታ በኋላ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር እየፈታ፣ «አባዬ፣ ዓይኔን የት ላድርግ?» አለኝ። በዚያ ማታ ሁለት ጊዜ ተሸውዷል። አንዴ ሪሲቨሩን ብቻ ሲያይ ኳሷ በአናቱ ላይ አለፈች። አንዴ ደግሞ ኳስ ወርዋሪውን፣ ኳርተርባኩን፣ ሲያይ ሪሲቨሩ ከኋላው ጠፋ። ሁለቱም ተችዳውን ሆነዋል፣ በእኛ ቋንቋ ጎል።

እኔ አዲስ አበባ በእኛው እግር ኳስ ያደግኩ ሰው ነኝ። ፉትቦልን መጀመሪያ ሳይ የሚጋጩ ሰዎች ክምር ነበር የሚመስለኝ። የገባኝ ከኋላ የቆሙትን ተከላካዮች ማየት ስጀምር ነው። የእነሱ ጣጣ የእኛው ጣጣ ነዋ! ኮርነር ሲመታ «ሰው በሰው ይያዝ ወይስ በዞን?» እያልን ሻይ ቤት ስንጨቃጨቅ አልነበር ያደግነው?

ስለዚህ የልጄን ጥያቄ ይዤ ሰነበትኩ። አሰልጣኞቹን ጠየቅኩ፣ የቆዩ ጨዋታዎችን እየመለስኩ አየሁ፣ ለትናንሽ ልጆች የፍላግ ፉትቦል (መጣል የሌለበት፣ ከወገብ ጨርቅ በመንጠቅ የሚቆም ጨዋታ) ቡድን በፈቃደኝነት ላግዝ ገብቼም ተዋረድኩ። እሱን እነግራችኋለሁ። የደረስኩበት ነገር ይሄ ነው፦ የመከላከያ ዓይነቶቹ በቁጥርና በቀስት ቢሳሉም ልዩነታቸው የሚጀምረው ከተከላካዩ ዓይን ነው። ምርጫውም ከዚያ መጀመር አለበት።

መጀመሪያ ሂሳቡ

ተከላካይ ቡድን 11 ሰው አለው። አብዛኛውን ጊዜ 4ቱ ኳርተርባኩን ለመያዝ ይሮጣሉ። 7 ቀሩ። ከአጥቂዎቹ መካከል ደግሞ ወጥቶ ኳስ መቀበል የሚፈቀድላቸው 5 ናቸው። 7 ለ5። ሁለት ትርፍ ሰው አለ ማለት ነው። «እነዚህን ሁለቱን የት እናቁማቸው?» የሚለው ነው ጨዋታው ሁሉ።

ከቨር 0፣ ከቨር 1፣ ከቨር 2 ሲባል ትሰማላችሁ። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ከኋላ ጥልቁን ሜዳ የሚጠብቁትን ሰዎች ብዛት ነው። 0 ማለት ከኋላ ማንም የለም ማለት ነው። ትርፎቹ ሁለቱም ኳርተርባኩ ላይ ተልከዋል፤ 6 ሰው ይሮጣል፣ 5ቱ ለ5 ተፋጠው ይቀራሉ። 1 ሲሆን አንድ ሴፍቲ ከኋላ መሐል ላይ ቆሞ የተሳሳተውን ያርማል፤ ከፊቱ ያሉት ሰው በሰው ይይዛሉ። 2፣ 3 እና 4 ሲሆን ብዙውን ጊዜ ዞን ነው፤ ጥልቁ ሜዳ ለሁለት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ይከፈላል። 2ም፣ 4ም ቢሆን ሰው በሰው የሚደባለቅበት ዓይነት አለ፤ ለጊዜው ግን ይሄ ይበቃናል።

ሰው በሰው፦ ዓይን ወገብ ላይ

ሰፈር ስንጫወት «ኳሷን እይ፣ እግሩን አትይ» ይሉን ነበር። አብዶ የሚሠራው በእግር ነውና። እዚህ ግን ሪሲቨሩ ኳስ የለውም። ታዲያ ምኑ ይታያል? ወገቡ። ቀበቶው ያለበት ቦታ። በጭንቅላቱ ወደ ግራ ያሳይሃል፣ በትከሻው ወደ ቀኝ ይጥልሃል፣ በእግሩ ያስደንስሃል። ወገቡ ግን ሰውየው ወደማይሄድበት አይሄድም።

ልጄን ልምምድ ላይ በቅርብ ስከታተለው ያየሁትን ልንገራችሁ። ሪሲቨሩ ቀጥ ብሎ እየሮጠ መጣ። 8 ያርድ፣ 9 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)። ከዚያ ሦስት ነገር አንድ ላይ ሆነ። ወገቡ ዝቅ አለ፣ እርምጃው አጠረ፣ እጆቹ እንደሚቆራርጥ ሰው ፈጠኑ። ሊታጠፍ ነው። ብሬክ ሳይዝ የሚታጠፍ መኪና የለም። ልጄ ይሄን ካየ በኋላ ለመድረስ የነበረው ጊዜ ዓይን ከመጨፈን ብዙም አይበልጥም። በተቃራኒው ሪሲቨሩ 12 ያርድ አልፎም ትከሻው ወደ ፊት እንደተጣለ፣ ወገቡም እንዳልወረደ ከቀጠለ አይታጠፍም። ያኔ ዞሮ መሮጥ ነው፣ ሌላ ምርጫ የለም።

ሩጫዎቹ፣ ራውት የሚባሉት፣ ከ0 እስከ 9 ቁጥር አላቸው። በብዙ ቡድኖች ሙሉ ቁጥሮቹ ወደ ሜዳው ውስጥ ይታጠፋሉ፣ ጎዶሎዎቹ ወደ መስመሩ። 9 ቀጥታ ወደ ጥልቁ ነው። አሥሩን ሁሉ እየጠበቁ መቆም አይቻልም። ስለዚህ ኳሷ ከመነሳቷ በፊት የሪሲቨሩን አቋቋም አይቶ ግማሹን መሰረዝ ያስፈልጋል። ወደ ዳር መስመሩ ተጠግቶ ከቆመ ወደ ውጪ የሚታጠፍበት ቦታ የለውም፤ ወይ ወደ ውስጥ ነው ወይ ቀጥታ። ወደ መሐል ጠጋ ብሎ ከቆመ ደግሞ ውጪውን ሆን ብሎ ለራሱ አስፍቷል፣ ወይም ሊያቋርጥ አስቧል።

ቀጥሎ የበር ጉዳይ። ሁለት በር ያለውን ቤት አንድ ሰው አይጠብቀውም። አንዱን ትዘጋለህ፣ ሌላውን ጓደኛህ ላለበት ትተዋለህ። ከቨር 1 ላይ ሴፍቲው መሐል ስላለ ኮርነሩ (ኮርነርባኩን ማለቴ ነው) ብዙ ጊዜ ውጪውን ይዘጋና ሪሲቨሩን ወደ ሴፍቲው ይነዳዋል። ከቨር 0 ላይ ጓደኛ የለም። ስለዚህ ውስጡን ይዘጋል፤ ወደ ውስጥ የሚወረወረው ኳስ አጭርና ፈጣን ስለሆነ እሱን ማሳለፍ ሞት ነው።

ተጠግቶ ወይስ ራቅ ብሎ? ተጠግቶ መያዝ፣ ፕሬስ የሚሉት፣ ሪሲቨሩን ገና ሲነሳ ደረቱ ላይ በእጅ መትቶ ሰዓቱን ማበላሸት ነው። ኳርተርባኩ በሰከንድ የቆጠረው ነገር ይዛባል። ግን ያቺ እጅ ከሳተች ኮርነሩ ከኋላ ሆኖ ማሳደድ ነው የሚቀረው። በኤንኤፍኤል፣ በፕሮፌሽናሎቹ ሊግ፣ ይሄ መነካካት የሚፈቀደው በመጀመሪያዎቹ 5 ያርዶች ውስጥ ብቻ ነው። ደንቡ በ1978 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ነው የመጣው፤ የፒትስበርጉ ሜል ብላውንት ሪሲቨሮችን ሜዳው ሙሉ እያንገላታ ስላስቸገረ እስከ ዛሬ በሱ ስም ይጠሩታል። በኮሌጅና በሃይስኩል የ5 ያርዱ ገደብ የለም። ልጃችሁ ቴሌቪዥን ላይ ያየውን ደንብ ይዞ ሜዳ እንዳይገባ።

ራቅ ብሎ፣ 7 ያርድ ያህል ሸሽቶ የቆመ ኮርነር ደግሞ ዓይኑን ለሁለት ከፍሎ ይጠቀምበታል። መጀመሪያ በአጭሩ ኳርተርባኩን ያያል። ሦስት እርምጃ ብቻ ሸሽቶ ሊወረውር ነው? ከሆነ አጭር ኳስ ናት፣ ወደ ፊት መንደርደር ነው። ካልሆነ ዓይኑ ወደ ሪሲቨሩ ወገብ ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ኳርተርባኩ አይመለስም። የልጄ ሁለተኛ ጥፋት ይቺ ነበረች። ሁለት ጊዜ አየ።

የመጀመሪያው ጥፋቱ ደግሞ ኳሷ አየር ላይ ሳለች የሆነ ነው። መቼ ነው ዞሮ ኳሷን የሚያየው? መልሱ አንድ ነው፦ ከሪሲቨሩ ጋር ጎን ለጎን፣ ዳሌ ለዳሌ ከሆነ ብቻ። አንድ እርምጃ እንኳ ከቀደመው መዞር የለም። የሪሲቨሩን እጆች ማየት ነው። እጆቹ ሲነሱ ኳሷ መጥታለች ማለት ነው፤ በመሐላቸው እጅ ማስገባት። ቀድሞ ከነካው ቢጫዋ ጨርቅ ትወረወራለች። በኤንኤፍኤል ኳሷ ጥፋቱ የተሠራበት ቦታ ላይ ትቀመጣለች፣ 40 ያርድም ይሁን 50። በኮሌጅ ቅጣቱ ከ15 ያርድ አያልፍም፣ በሃይስኩል 15 ነው። ስለዚህ ሃይስኩል ላይ የተቀደመ ልጅ ተችዳውን ከሚሰጥ ሪሲቨሩን ቢይዘው ይሻለዋል። ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለኮቹ እንዳትነግሩብኝ።

የሰው በሰው ትልቁ ጠላት መጠላለፍ ነው። ሁለት ሪሲቨሮች ሲያቋርጡ ሁለት ተከላካዮች ይጋጫሉ። እኔ የተዋረድኩት እዚህ ላይ ነው። 5 ለ5 የሚጫወቱ የ10 ዓመት ልጆች ቡድን ነበር። «እያንዳንድሽ አንድ አንድ ሰው ያዢ» አልኳቸው፤ ቀላል መስሎኝ። ተቃራኒው ቡድን አንዲት ጨዋታ ነበረችው፣ መቀስ። ሁለት ልጆች ይሻገራሉ። የኔዎቹ ሁለቱ ግንባር ለግንባር ተላተሙ። በሚቀጥለውም፣ በሦስተኛውም። አንዷ ልጅ በመጨረሻ ወደኔ ዞራ፣ «ኮች፣ የሷን ልጅ ብይዝ አይሻልም?» አለችኝ። ለካ መልሱ እሱ ኖሯል። የተሻገሩትን መለዋወጥ፤ አንተ ወደ ውስጥ የመጣውን፣ እኔ ወደ ውጪ የወጣውን። ጎልማሶቹም የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው፣ አስቀድመው በእጅ ምልክት ይስማማሉ።

ከዚህ ዓይነቱ መጠላለፍ ታሪክ የሆነው ጥር 24 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015 የታየው ነው። ሱፐር ቦውል፣ የኤንኤፍኤል ፍጻሜ፤ ኒው ኢንግላንድ 28፣ ሲያትል 24። ሲያትል 1 ያርድ ቀርቶታል። ሁለት ሪሲቨሮች በቀኝ በኩል አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰለፉ። የፊተኛው ጀርሜይን ከርስ መንገድ ሊዘጋ፣ የኋለኛው ሪካርዶ ሎኬት በሥሩ ሾልኮ ሊቀበል ነው። ማልኮም በትለር የሚባል፣ በድራፍት፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት፣ ማንም ያልመረጠው የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ይሄንኑ አጨዋወት በልምምድ ላይ አይቶ ተሸውዶበታል። ያኔ ከክምሩ በኋላ ዞሮ ሊደርስ ሲል ዘገየ። አሁን ብራንደን ብራውነር ከርስን በደረቱ አስቁሞ ያዘለት። በትለር ዙሪያውን አልሄደም። ቀጥታ ወደ ኳሷ ገባ። ያዛት። ጨዋታው አለቀ። ሰዉ የበትለርን እጅ ያስታውሳል። እኔ የብራውነርን ደረት ነው የማስታውሰው፤ እሱ ባያቆመው በትለር የሚገባበት በር አልነበረም።

ሌላ ሁለት ነገር ጨምሩበት። ሰው በሰው ላይ ሁሉም ተከላካይ ጀርባውን ለኳርተርባኩ ይሰጣል። ኳርተርባኩ እግር ካለው 20 ያርድ ሮጦ ሳያዩት ያልፋል። ሁለተኛ፣ ሰው በሰው ያደክማል። አራተኛው ሩብ ላይ የመጀመሪያው ሩብ እግር የለም።

ዞን፦ ዓይን ኳርተርባኩ ላይ

ዞን ላይ ፊትህ ወደ ኳሷ ነው። ኳርተርባኩ ወዴት እንዳየ፣ ትከሻው ወዴት እንደዞረ ታነባለህ። ሁለቱ እጆቹ ኳሷን እንደያዙ ከሆነ ጊዜ አለህ፤ አንዱ እጅ ሲለቃት ተነሳ። ሰባት ሰው ኳሷን ስለሚያይ ኢንተርሴፕሽኑ፣ የተወረወረች ኳስ መንጠቁ፣ ብዙ ነው፣ ኳርተርባኩም ቢሮጥ የሚያየው አለ።

ችግሩም ከዚያው ይመጣል። ልጆቹን ከሰው በሰው ወደ ዞን ስቀይራቸው የሆነውን ልንገራችሁ። እያንዳንዳቸው የተሰጣቸው ቦታ ላይ እንደ አጥር እንጨት ቆሙ። በአካባቢያቸው ማንም የለም፣ እነሱ ግን ይጠብቃሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። ዞን ቦታ መጠበቅ ይመስላል እንጂ በቦታህ በኩል የሚያልፈውን ሰው መጠበቅ ነው። ሰው ከሌለ ወደ ቀረበው ሰው መጠጋት ነው።

ከዞኖቹ መካከል ለመማር የሚቀለው ከቨር 3 ነው። ሦስቱ ጥልቁን ለሦስት ይካፈላሉ፣ አራቱ ከፊት ያለውን። ሃይስኩል ላይ በብዛት የምታዩት ለዚህ ነው። ስምንተኛ ሰው ወደ ፊት ጠጋ ስለሚልም የኳስ ሩጫን ያቆማል። ደካማ ጎኑ የድንበሮቹ ስፌት ነው፤ አራት ሪሲቨሮች ቀጥ ብለው ከሮጡ ሦስቱ ጠባቂዎች ይቸገራሉ። አጫጭር ኳሶችም በዳር በዳር ይለቃሉ።

ሲያትል ግን ይሄንኑ ተራ ነገር ይዞ ነው የነገሠው። በ2013 የውድድር ዓመት ዴንቨር 606 ነጥብ አስቆጥሮ ሪከርድ ሰብሮ ነበር፤ ፔይተን ማኒንግም 55 ተችዳውን ወርውሯል። ሱፐር ቦውሉ 43 ለ8 ለሲያትል አለቀ። ሪቻርድ ሸርማን በአንድ ዳር፣ ኧርል ቶማስ መሐል ጥልቁ ላይ፣ ካም ቻንስለር ከፊቱ። የሚደንቀኝ ሌላ ቁጥር ነው። የዴንቨሩ ዴማሪየስ ቶማስ በዚያ ጨዋታ 13 ኳስ ያዘ፣ በወቅቱ የሱፐር ቦውል ሪከርድ። ይያዘው ብለው ተዉት። ይይዛል፣ እዚያው ይወድቃል። ከቨር 3ን የምትመርጡ ከሆነ መጠየቅ ያለባችሁ «ልጆቼ ታክል ያውቃሉ?» ነው፤ ታክል ኳስ የያዘውን ይዞ መጣል ነው። አጭሩን ትሰጣላችሁ፣ ግን የተሰጠው እዚያው መቆም አለበት።

ከቨር 2 ሁለት ሴፍቲዎች ጥልቁን ግማሽ ግማሽ ይይዛሉ፣ አምስት ሰው ከፊት። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል እንደሚባለው ነው፤ ታላቅ ሪሲቨር ያለውን ተቃራኒ ቡድን አደብ ያስገዛል። ኮርነሩ ከፊት ሆኖ ሪሲቨሩን እንዲያንገላታና አጭሩን እንዲያጠምድ ነፃነት ይሰጠዋል። ቀዳዳው ሁለት ነው፤ በዳር መስመሩ ላይ በኮርነሩና በሴፍቲው መካከል ያለው፣ እና በሁለቱ ሴፍቲዎች መካከል ጥልቁ መሐል። ይሄን መሐል ለመድፈን ነው አሰልጣኞቹ ቶኒ ደንጊና ሞንቲ ኪፈን ታምፓ ላይ መሐለኛውን ላይንባከር (ከፊተኞቹ አራት ኋላ የሚቆም ተከላካይ) ወደ ኋላ ያስሮጡት። ታምፓ 2 ይባላል፤ ሥሩ ደንጊ ራሱ ተጫዋች ሆኖ ካየው ከ1970ዎቹ የፒትስበርግ መከላከያ ነው። በጥር 2003ቱ ሱፐር ቦውል ታምፓ ኦክላንድን 48 ለ21 ሲያሸንፍ 5 ኢንተርሴፕሽን አገኘ፣ ሦስቱ ተችዳውን ሆኑ። ግን ወደ ኋላ እንደ ሴፍቲ የሚሮጥ ላይንባከር ያስፈልጋል። ከሌላችሁ አትሞክሩት።

ማች፦ ዓይን ሁለተኛው ሪሲቨር ላይ

ይሄኛው የኔ ፍቅር ነው፣ ስለዚህ አድልዎ ካያችሁ ይቅርታ።

ሪሲቨሮች የሚቆጠሩት ከዳር ወደ ውስጥ ነው። የዳሩ አንደኛ፣ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛ። በማች አጨዋወት ተከላካዮቹ እንደ ዞን ይጀምራሉ፣ ሩጫው ሲታይ ወደ ሰው በሰው ይለወጣሉ። ለመለየት የሚያዩት ሁለተኛውን ነው። ለምሳሌ በከቨር 4 ሴፍቲው ሁለተኛውን ያያል። ቀጥ ብሎ ወደ ጥልቁ መጣ? የሱ ነው፣ ይይዘዋል፤ ኮርነሩ አንደኛውን ብቻውን ይይዛል። ሁለተኛው ወደ ዳር አጭር ወጣ? ለላይንባከሩ ተወውና ሴፍቲው ኮርነሩን ያግዛል። አንድ ሰው እየታየ ሁለት ሰው ይወስናል።

አሰልጣኞቹ ኒክ ሴበንና ቢል ቤሊቼክ ክሊቭላንድ ሳሉ፣ በ1991 እና በ1994 መካከል፣ የቸገራቸው የከቨር 3 ስፌት ነበር። አራት ሪሲቨር ቀጥ ብሎ ሲሮጥ ዞኑ ይቀደዳል። መፍትሔ ያደረጉት ዞኑን ወደ ማች መቀየር ነበር፤ ቀጥ ብሎ የሚሮጠውን አብሮ መሮጥ። ሴበን በኋላ ኮሌጅ ላይ ሲነግሥ ይሄው መሠረቱ ሆነ።

የማች ዋጋው ማሰብ ነው። ሁለቱ ተከላካዮች አንድ ነገር አይተው የተለያየ ነገር ከወሰኑ አንድ ሪሲቨር ብቻውን ሜዳው መሐል ይቆማል፣ እነሱ እጃቸውን ዘርግተው ይተያያሉ። እንደዚህ ሲተያዩ ቴሌቪዥን ላይ ካያችሁ አንዱ ሁለተኛውን አላየም ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚለማመድ ቡድን አልመክርም።

አንድ ሪሲቨር፣ ሁለት ምርጫ

ንጽጽሩን ከቃል ይልቅ በአንድ ሰው ላይ ማየት ይሻላል። ታይሪክ ሂል፣ ካንሳስ ሲቲ ሳለ። በኅዳር 2020 ከታምፓ ጋር ሲጫወቱ ታምፓ በተደጋጋሚ በአንድ ኮርነር አፋጠጠው። በመጀመሪያው ሩብ ብቻ 203 ያርድ አገኘ። ጨዋታው ሲያልቅ 13 ኳስ፣ 269 ያርድ፣ 3 ተችዳውን። ካንሳስ ሲቲ 27 ለ24 አሸነፈ።

ከሁለት ወር ምናምን በኋላ ሱፐር ቦውል ላይ ተገናኙ። የታምፓው ቶድ ቦውልስ ብሊትዝ፣ ማለትም ከአራት በላይ ሰው ኳርተርባኩ ላይ መላክ፣ የሚወድ አሰልጣኝ ነው። በዚያን ቀን ግን ብሊትዙን ትቶ ሁለት ሴፍቲ ከኋላ አቆመ። ከፊት የነበሩት አራቱ ሰዎች ብቻቸውን ፓትሪክ ማሆምስን ሲያሯሩጡት አመሹ። ሂል 7 ኳስ፣ 73 ያርድ። ውጤቱ 31 ለ9። ያው ሪሲቨር፣ ያው ተከላካዮች።

ልብ በሉ፣ ቦውልስ ይሄን መምረጥ የቻለው አራቱ ስለደረሱለት ነው። ኳርተርባኩን የሚከልሉት የካንሳስ ሲቲ የፊት መስመር ሰዎች በጉዳት ሳስተው ነበር። አራቱ ባይደርሱ ኖሮ የትኛውም ዞን አራት አምስት ሰከንድ ሲቆይ እንደ ወንፊት ነው።

ታዲያ የቱ?

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ፊተኞቹ አራት ነው። በራሳቸው ኳርተርባኩ ጋ ይደርሳሉ? ከደረሱ ሁለቱን ትርፎች ከኋላ አቁሙና ከቨር 2 ወይም 4 ተጫወቱ። ካልደረሱ ብሊትዝ መላክ ግድ ይሆናል፣ ያኔ ከኋላ ሰው በሰው ነው የሚቀራችሁ።

ቀጥሎ ከሁሉም ደካማ የሆነውን ተከላካይ ተመልከቱ። ጎበዙን አይደለም። ሰው በሰው ላይ ተቃራኒው አሰልጣኝ በሦስተኛው ኳስ ያገኘዋል፣ ከዚያ እስከ ማታ አይለቀውም። ዞን ይሸፍነዋል፣ ታክል እስካወቀ ድረስ።

ሦስተኛ ዳውን ላይ (10 ያርድ ለመሄድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው) 2 ያርድ ከቀረ ራቅ ብሎ መቆም ስጦታ ነው። ተጠጉ። 12 ያርድ ከቀረ አጭሩን ስጡ፣ ታክል አድርጉ። ተችዳውን የሚቆጠርበት የሜዳው ጫፍ፣ ኤንድዞኑ፣ አጠገብ ደግሞ የሜዳው መጨረሻ መስመር ራሱ ጥልቁን ይጠብቅላችኋል፤ ሴፍቲ ከኋላ ማቆም ሰው ማባከን ነው። በጨዋታው መጨረሻ ላይ ግን እንዳትሸሹ። በጥር 2022 ቡፋሎ 13 ሰከንድ ሲቀር ካንሳስ ሲቲን እየመራ በጣም ርቆ ቆመ። 19 ያርድ፣ ከዚያ 25 ያርድ ሰጠ። በሁለት ኳስ 44 ያርድ። ካንሳስ ሲቲ በሚቀጥለው ኳስ በእግር መትቶ አቻ ሆነ፣ በተጨማሪ ሰዓት 42 ለ36 አሸነፈ።

ተቃራኒው ሪሲቨሮቹን አሰባስቦ የሚያቆም፣ ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ሰው ወዲያ ወዲህ የሚያስሮጥ ከሆነ ሰው በሰውን ሊያጠላልፍ ነው። ኒው ኢንግላንድ በ2018 የውድድር ዓመት በአብዛኛው ሰው በሰው ነበር የሚጫወተው። ሱፐር ቦውሉ ላይ ከሎስ አንጀለስ ራምስ ጋር ሲገናኝ ወደ ዞን ዞረ። ራምሶች 3 ነጥብ ብቻ አገኙ። ከዚያ መጨረሻው ላይ፣ ዞኑን ከለመዱ በኋላ፣ ኒው ኢንግላንድ በድንገት ብሊትዝ ላከ። ጃሬድ ጎፍ ቸኩሎ ወረወራት፣ ስቴፎን ጊልሞር ያዛት። 13 ለ3።

ለትናንሽ ልጆችና ለፍላግ፣ ከኋላ አንድ ፈጣን ልጅ አቁማችሁ የቀሩትን ሰው በሰው አስይዙ፣ ሲሻገሩ መለዋወጥን ብቻ አስተምሩ። እኔ በመጨረሻ ያደረግኩት ይሄንን ነው። አላሸነፍንም፣ ግን ግንባር ለግንባር መላተሙ ቀረ።

ስለ መደበቅም አንድ ነገር። ኳርተርባኩም እናንተን እያነበበ ነው። አንድ ሪሲቨር ከወዲህ ወዲያ ያሻግራል፤ ተከላካይ ተከትሎት ከሄደ ሰው በሰው ነው፣ ካልተከተለው ዞን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎበዝ ቡድኖች አንዱን እያሳዩ ሌላውን ይጫወታሉ። የባልቲሞሩ ኤድ ሪድ በሙያ ዘመኑ 64 ኢንተርሴፕሽን ያገኘው ብዙውን እንዲህ ነው፤ ቦታውን የተወ እያስመሰለ።

ልጄ ዘንድሮ ማች ይጫወታል። አርብ ማታ መቀመጫዬ ላይ ሆኜ እሱን ብቻ ነው የማየው። ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ሄልሜቱ ወደ ውስጥ ዞር ካለች ሁለተኛውን እየፈለገ ነው፣ ከቨር 4 ነው። ፊቱን ቀጥታ አንደኛው ላይ ከተከለ ሰው በሰው ነው። ባለፉት ሁለት ጨዋታዎች አንዴም አልሳትኩም። መጀመሪያ ኮራሁ። ከዚያ ደነገጥኩ። እኔ ከመቀመጫዬ ካየሁት፣ ኳርተርባኩስ?

ነገርኩት። «አባዬ፣ ይሄንን ለምን እስካሁን አልነገርከኝም?» አለኝ መኪና ውስጥ። ሰኞ ልምምድ አለው።